ግሎባል አደረግኩት፣ ሁለቱም ስላይደር እኩል ሮጠብኝ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ፒያሳ ላለ አንድ ወርቅ ቤት ዌብሳይት እየሠራሁ ነው፣ በጄኩዌሪ (jQuery የሚባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) የራሴን የስላይደር፣ ማለትም ፎቶ እያፈራረቀ የሚያሳይ ፕለጊን ጻፍኩ፣ ኢኒት (init) የሚለው ማስጀመሪያ ሜተድ ፍጥነቱን ምኑን በኦፕሽን ይቀበላል፣ ግን ወደ ቀጣዩ ፎቶ የሚያሳልፈውን ኔክስት (next) ስጠራው ኦፕሽኑ አንዲፋይንድ ነው፣ ማለትም ዋጋ የለውም ይለኛል። ከየትም የሚነበብ ግሎባል ቫሪያብል ሳደርገው ሠራልኝ ብዬ ደስ አለኝ፣ ከዛ የሐብሉንና የቀለበቱን አንድ ገጽ ላይ ሳስገባ ሁለቱም በቀለበቱ ፍጥነት መሮጥ ጀመሩ፣ ባለቤቱ ደሞ ሐብሉ ቀስ ይበልልኝ እያለ ነው። ምን ላድርግ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ነገሩ የተበላሸው እዛው ደስ ያለህ ቦታ ላይ ነው። ለኢኒት የሰጠኸው ኦፕሽን የኢኒት ብቻ ነው፣ ኔክስት ጋ አይደርስም። ግሎባል ደሞ ለመላው ገጽ አንድ ነው፣ የቀለበቱ ኢኒት ኋላ ሲጠራ የሐብሉን ይደመስሰዋል። እዛው ፒያሳ ማኪያቶ ስታዝ አስተናጋጁ የሁሉንም ጠረጴዛ ትእዛዝ አንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ እየሰረዘ ቢጽፍ፣ መጨረሻ የገባው ሰውዬ ጠቆር ያለ ስላለ ሁላችሁም ጠቆር ያለ ትጠጣላችሁ።

ስለዚህ ትእዛዙን ጠረጴዛው ላይ ለጥፈው፣ ማለቴ ኤለመንቱ ላይ። ጄኩዌሪ ለዚሁ ዳታ (data) የሚባል ሜተድ አለው፣ ኢኒት ውስጥ በኢች (each) አንድ በአንድ እየዞርክ ለእያንዳንዱ የስላይደር ዲቭ (div) ዲፎልቱንና የተሰጠውን ኦፕሽን በኤክስቴንድ (extend) ቀላቅለህ በፕለጊንህ ስም ዳታ ውስጥ ታስቀምጣለህ፣ ኔክስትም ማቆሚያው ስቶፕም በኢች እየዞሩ ከዛው ያነቡታል፣ አለቀ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ዚስ (this) የሚለው ቃል ላይ ነው፣ ከኢች ውጪ ዚስ የጄኩዌሪው ስብስብ ነው፣ ኢች ውስጥ ግን ተራው ኤለመንት ስለሆነ በዶላር ምልክቱ፣ በ$(this)፣ ሳትጠቀልለው ዳታ ብትለው ኤረር ይሰጥሃል።

ኤክስቴንድን ስትጠራ መጀመሪያ ባዶ ኦብጀክት ስጠው በናትህ! ሁሉንም የሚገለብጠው መጀመሪያ የሰጠኸው ውስጥ ነው፣ ዲፎልቱን ካስቀደምክ ዲፎልቱ ራሱ ይቀየርና ያባረርከው ግሎባል በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ነው፣ ይቺ ነገር እኔን ግማሽ ቀን በልታኛለች። ኦፕሽኑ ውስጥ ሌላ ኦብጀክት ካለ ደሞ የውስጡንም እንዲቀላቅል ከባዶው በፊት ትሩ (true) ጨምርበት።

አዲስ ፕሮጀክት ቢሆን ጄኩዌሪውን ተወው እልህ ነበር፣ ከ2015ቱ (በፈረንጆቹ) ጃቫስክሪፕት ጀምሮ ክላስ (class) አለ፣ ኦፕሽኑን ማስጀመሪያው ኮንስትራክተር ውስጥ ዚስ ላይ ታስረዋለህ፣ በየተወሰነ ጊዜ ኮድ የሚደጋግመው ሴትኢንተርቫል (setInterval) ውስጥ ግን አሮው ፈንክሽን (በ=> የሚጻፈውን) ካልተጠቀምክ ዚስ ይጠፋብሃል። አሁን ግን የጀመርከውን ጨርስ፣ ኢኒት ሳይጠራ ኔክስት ከተጠራ ዳታው ውስጥ ምንም ስለሌለ መጀመሪያ ቼክ አድርግና ከሌለ ኢኒትን ራስህ ጥራው።