አሮጌ ኮሮላ ብይዝ ሰው ምን ይለኛል?

ባለፈው ሳምንት ማታ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ዲቪ ደርሶት ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር እዚህ ቨርጂኒያ ከገባ አራት ወሩ ነው። ሰላምታው ረዘመብኝ። እናቱን ጠየቅሁት፣ ልጆቹን ጠየቅሁት፣ ብርዱን አማረርን። በመጨረሻ የሆዱን አወጣው።

«ጋሼ፣ መኪና ልገዛ ነበር። አንድ ሰው አሮጌ ኮሮላ በርካሽ አገኘልኝ። ግን እንዴት ነው… አሮጌ ኮሮላ ብይዝ ሰው ምን ይለኛል?»

ልስቅበት ፈለግሁ። ሳቁ እምቢ አለኝ። «ነገ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ነገ ሲደርስ አልደወልኩም። እንቅልፍም አልወሰደኝ። ለእሱ ልመልስ ያሰብኩትን እዚህ ልጻፈው፤ እሱም ያነበዋል፣ እናንተም ታነቡታላችሁ።

እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ። እዚህ አገር ብዙ ዓመት የሰው ታክስ ስሠራ ኖሬያለሁ። በየዓመቱ ከጥር እስከ ሚያዝያ የሐበሻው ገቢና ወጪ ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረገፋል። ከዚያ በፊት ደሴ ውስጥ ባንክ ቤት፣ ብድር ክፍል፣ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህንን ያዙልኝ። በኋላ ያሳፍረኛል።

አባቴ ሾፌር ነበር። ፊያት ኤንትሬ ይዞ ከኮምቦልቻ አሰብ ሲመላለስ ነው ያሳደገን። ባቲን ወርዶ፣ ሚሌን አልፎ፣ ያንን በረሃ ሌሊት ሌሊት እያቋረጠ። ልጅ ሆኜ አንድ ክረምት ይዞኝ ሄዷል። ሚሌ ላይ የጠጣሁት ሻይ ጣዕሙ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ፤ ስኳሩ ከውሃው ይበልጥ ነበር። አባቴ ኮፋኖ ሳይከፍት፣ በድምፅ ብቻ፣ የትኛው ኩሽኔታ እንደተበላ ይነግርሃል። የራሱ መኪና ግን ኖሮት አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ነዳ።

እኛ አሜሪካ የገባነው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ባለቤቴ፣ እኔና የአራት ዓመት ሴት ልጃችን። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ተከራየን። እኔ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት እቆርጥ ጀመር። ሙሉ ቀን የሰው መኪና ሲገባና ሲወጣ አያለሁ። ያ ነው መሰለኝ ያበላሸኝ።

በ2004 መጋቢት ላይ ሁለት መኪና ቀረበልኝ። አንደኛው የአንድ ወዳጄ ኮሮላ ነው፤ የ1997 ሞዴል፣ ቀለሙ የተቆላ ገብስ የሚመስል። ዋጋው 3,500 ዶላር። ወዳጄ ዲሲ ታክሲ ይነዳል፣ መኪና ያውቃል። «ዕቁብህን ስጠኝ፣ የቀረውን ቀስ እያልክ ትከፍለኛለህ» አለኝ። ሁለተኛው አንድ ያገለገሉ መኪኖች መሸጫ ሜዳ ላይ የቆመ ጥቁር ጀርመን ሠራሽ ነው። ትልቅ፣ ሰባት ሰው የሚጭን፣ ወንበሩ ቆዳ። ዋጋው 16,000 ዶላር።

ሻጩ ትሁት ሰው ነበር። ቡና አቀረበልኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «በወር ስንት ብትከፍል ይመችሃል?»

«እስከ አራት መቶ» አልኩት።

ኮምፒውተሩን ነካካና ወረቀት አወጣ። 386 ዶላር። ደስ አለኝ! ካልኩትም ቀነሰልኝ ብዬ አመሰገንኩት። የዕቁቡን 2,000 ቅድመ ክፍያ አድርጌ ሰጠሁ፤ የቀረው 14,000 በ21.9 በመቶ ወለድ፣ አምስት ዓመት። ክሬዲት፣ ማለት የብድር ታሪክ፣ የሌለው ሰው ወለዱ እንደዚያ ነው። ተደምሮ ሲታይ 14,000 የተበደርኩት ከ23,000 በላይ ልመልስ ነው። ደሴ ላይ ተበዳሪ ፊቴ ሲቀመጥ መጀመሪያ የማስረዳው ይህንኑ ነበር፤ ተደምሮ ስንት እንደሚሆን። ያን ቀን ዓይኔ ከቁልፉ አልተነሳም።

ፎቶ ተነሳሁ። አንድ ጓደኛዬ ካሜራ ይዞ መጣና «መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዘው፣ ጎማዋ ወጣ ብላ ስትታይ ታምራለች» አለኝ። ጠመዘዝኩት። ኮፋኖው ላይ እጄን ጣል አድርጌ፣ ሱፍ ለብሼ። ፎቶው አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ደሴ ደረሰ። አባቴ ፍሬም አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በስልክ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ዘይት ትጠጣለች እንዴ?»

«ኧረ አትጠጣም» አልኩት። ትጠጣ ነበር።

በጥቅምት ሁለተኛ ልጃችን ተወለደ። በታኅሣሥ፣ የፈረንጆቹ ገና ሳምንት፣ ካምቢዮው ተበላሸ። ጋራዡ 3,400 ዶላር ጠየቀ። ከወዳጅ ተበደርን፣ የጥርንና የየካቲትን የመኪና ክፍያ እዚያው ጨመርንበት፣ አሠራነው። ሁለት ወር ቢዘገይ ምን ይሆናል ብዬ ነው። እኔ! ብድር ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩት!

በየካቲት መጨረሻ አንድ ቀን ሌሊቱን በረዶ ጣለ። ባለቤቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነበር የምትሠራው፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወረደች። ተመልሳ መጣች።

«መኪናዋ የለችም» አለችኝ።

ፒጃማዬን እንደለበስኩ ወረድኩ። መኪናዋ በቆመችበት ቦታ በረዶ የሌለበት አራት ማዕዘን አለ። ከዚያ ወደ መንገዱ የሚወጣ የከባድ ጎማ ዱካ። ተሰረቅን ብዬ ፖሊስ ጋ ደወልኩ። ሰውዬው ታርጋዋን ጠየቀኝ፣ ትንሽ ቆየና ረጋ ብሎ «አልተሰረቀችም፣ አበዳሪህ ነው የወሰዳት» አለኝ። በአብዛኛው አሜሪካ አበዳሪ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። ጠብ እስካልተነሳ ድረስ ሌሊት መጥቶ ጎትቶ ይሄዳል። ፈርሜ ነበር። ሳላነብ።

ባለቤቴ አልጮኸችም። «ነጠላዬስ?» ብቻ አለችኝ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የኋላ ወንበር ላይ ጥላው ነበር። በኋላ ዕቃችንን ልንወስድ ስንሄድ የሕፃኑን ወንበር መለሱልን። ነጠላው አልተገኘም። እሷ ከዚያ በኋላ አሥር ወር ሁለት አውቶቡስ እየቀያየረች ሥራ ሄደች፤ የሚጠባ ልጅ ቤት ትታ።

መኪናዋ ሐራጅ ወጥታ በ5,200 ተሸጠች። ሂሳቡን ልንገራችሁ። ዘጠኝ ወር ከፍያለሁ፣ በድምሩ 3,473 ዶላር። ከዋናው ብድር የቀነሰው ግን ወደ 1,263 ብቻ ነበር። የቀረውን ወለዱ በላው። ከሐራጁ በኋላ ከነማስጎተቻው ወደ 8,000 ዶላር ዕዳ ቀረብኝ። ሦስት ዓመት የሌለኝን መኪና ከፈልኩ።

ደሴ ሳለሁ ኮምቦልቻ ላይ የአንድ ሰው የጭነት መኪና በብድር ተይዞ ሐራጅ ሲወጣ ወረቀቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። አባቴ ሰውየውን ያውቀው ነበር። ሳምንት ሙሉ ማዕድ ላይ ቀና ብሎ አላየኝም። «ሥራዬ ነው» አልኩት ያኔ። ያንን ሰው በረዶ ላይ ቆሜ አስታወስኩት።

ወደ እናንተ ልምጣ። ዘይት ቀይሩ፣ ቀበቶ እሰሩ አልላችሁም፤ ልጅ አይደላችሁም።

መጀመሪያ፣ አገር ቤት የለመድነውን ሂሳብ እዚህ ጣሉት። አዲስ አበባ ቪትዝ የገዛ ሰው ሦስት ዓመት ነድቶ ከገዛበት በላይ ሊሸጣት ይችላል። ቀረጡ ከባድ ነው፣ መኪናው ጥቂት ነው፣ ስለዚህ መኪና እዚያ ሀብት ነው። እዚህ ግን መኪና ቆሞም ዋጋው ይወርዳል። የእኛ ሰው ግን «ገንዘቤን መኪና ላይ አዋልኩ» ይላል አሁንም። ታክስ ሊያሠራ የመጣ ልጅ እንዲህ ሲለኝ እርሳሴን አስቀምጬ አየዋለሁ።

ሻጭ «በወር ስንት?» ሲላችሁ አትመልሱ። ጠቅላላውን ጠይቁ። ወሩን ከነገራችሁት ዓመቱን አርዝሞ የፈለጋችሁትን ቁጥር ያመጣላችኋል።

መኪናውን ከመምረጣችሁ በፊት ኢንሹራንሱን ጠይቁ። አዲስ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ውድ ይከፍላል። በብድር ከሆነ ደግሞ የሦስተኛ ወገን ብቻ አይበቃም፤ አበዳሪው ሙሉውን ያስገባችኋል። ቨርጂኒያ ከሆናችሁ ከተማው በየዓመቱ በመኪናው ግምት ልክ ግብር ይልክላችኋል፤ ውድ መኪና ውድ ግብር ነው። ቦሎ የምንለው ዓይነት የዓመት ምርመራም አለ። ሊብሬውን፣ እዚህ ታይትል የሚሉትን፣ አገላብጣችሁ አንብቡ። ሳልቬጅ ወይም ሪቢልት የሚል ቃል ካለበት መኪናው በግጭት ወይም በጎርፍ ተጎድቶ ያውቃል ማለት ነው። በ2005 ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ ውሃ የዋጠው ስንት መኪና ታጥቦ በየስቴቱ ተሸጧል። ምንጣፉን አንሱና አሽትቱ።

በዚህ በኩል የዛሬ ልጆች ከእኛ ትሻላላችሁ። አሥራ ሰባቷን የቻሲ ፊደልና ቁጥር ስልካችሁ ላይ አስገብታችሁ ሪኮል፣ ማለት ፋብሪካው ሊጠግነው የጠራው ጉድለት፣ እንዳለባት በነፃ ታያላችሁ። ችግሩ ሦስት ቪዲዮ ያየ ልጅ መካኒክ የሆነ ይመስለዋል። ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁ መካኒክ ጋ ውሰዱት፤ መቶ፣ ሁለት መቶ ዶላር ያስከፍል ይሆናል። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል፣ ሂዱ።

የትኛው መኪና? ሁለት ልጅ ላለው ቤተሰብ ኮሮላ ወይም ሲቪክ ይበቃል። ሦስተኛ ልጅ ከመጣ ሦስት የሕፃን ወንበር ኮሮላ ኋላ በቀላሉ አይደረደርም፤ ያኔ ሚኒቫን፣ ሲዬና ወይም ኦዲሴ። ኦዲሴ ከሆነ የታይሚንግ ቀበቶው መቶ ሺህ ማይል አካባቢ ይቀየራል፤ ተቀይሮ እንደሆነ ደረሰኝ ጠይቁ። ወጣት ወንዶች ሚኒቫን ስላቸው እንደ ስድብ ይወስዱታል። ትልቁን ኤስዩቪ ይፈልጋሉ፣ አጠገቡ ቆመው ቲክቶክ ላይ ሊለቁት። በእርግጥ እኔም በሱፍ ተነስቼ በሰው እጅ ልኬያለሁ፤ የእኔ ቪዲዮ ስላልነበረው ብቻ ነው።

ብድር ጨርሶ አትንኩ ልላችሁ ነበር። ግን ይህንንም ልጄ ኮሌጅ ስትጨርስ አፍርሼዋለሁ። ዓመት ሠርታ ክሬዲት ከያዘች በኋላ ከክሬዲት ዩኒየን፣ ከአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ በትንሽ ወለድ ስትበደር እኔው ነኝ አብሬ የሄድኩት። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ብድር አትንኩ በሉት። አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ደግሞ ዳሽ አውቶቡስ ከ2021 ጀምሮ ነፃ ነው። ጥቂት ወር ብትሳፈሩበት ምንም አትሆኑም። ሰው ምን ይለናል ካላችሁ… እኔ ራሴ እስከ ዛሬ የፋሲካ ዋዜማ መኪናዬን ሳላሳጥብ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም። ምን ላድርግ።

ያ የገብስ ቀለም ኮሮላ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ጎረቤቴ ገዛው። እስከ 2014 ነዳው። በየቀኑ ማቆሚያው ላይ አየው ነበር።

በ2011 ደሴ ሄድኩ። ፎቶው ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጎን ተሰቅሏል። መኪናዋ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ አባቴ አያውቅም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የልጄ መኪና ናት» ይላል። አንድ ማታ ሰው ሁሉ ሄዶ ሁለታችን ቀረን። ጧፉን ወደ ፎቶው ጠጋ አድርጎ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ።

«ይቺ የፊት ጎማ» አለኝ፣ «ከውስጥ በኩል ተበልታለች። ፎቶው የመጣ ቀን ነው ያየሁት። እግሯ ተጣሞ ነው እንጂ ጎማ እንዲህ አይበላም። እንዳትከፋ ብዬ ነው በስልክ ያልነገርኩህ። አሠራሃት?»

«አሠራኋት» አልኩት።

«ጎሽ» አለና ጧፉን አጠፋ።

አባቴ ካረፈ በኋላ እህቴ ፎቶውን ላከችልኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አሁን የአንተን ጥያቄ ልመልስ፣ የእህቴ ልጅ። ሻጩን ቅዳሜ ጠዋት ቀጥረው፤ እኔ እመጣለሁ። መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዝልኝና ጎማዎቹን አያቸዋለሁ።