ቦክሰር፣ ኤችኤልኤክስ ወይስ የቻይናዋ 200?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በሆሳዕና አካባቢ የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከቀበሌ ቀበሌ የምዞረው በእግሬና በሰው ሞተር ነው። አሁን ዕቁብ ስለደረሰኝ የራሴን ልገዛ አስቤያለሁ። ሦስት አማራጭ አግኝቻለሁ። አንዱ አራት ዓመት የተነዳ ባጃጅ ቦክሰር 150 ነው። ሌላው ሁለት ዓመት የሠራ ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስ 125 ነው። ሦስተኛዋ አዲስ የቻይና ሞተር ናት፤ 200 ሲሲ ሆና ዋጋዋ ከሁለቱም ያንሳል። መንገዴ ኮረኮንችና ዳገት ነው። የክትባት ሳጥን እጭናለሁ፤ በገበያ ቀን ባለቤቴም ከኋላ ትፈናጠጣለች። ጓደኞቼ «በዚህ ዋጋ 200 እያለ ያገለገለ 150 የሚገዛ ሞኝ ነው» ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?
ተ.፣ ከሆሳዕና

መልስ፦ ዕቁቡ እንኳን ደረሰህ። ጓደኞችህ ሲሲ ይቆጥራሉ። ሲሲ የሲሊንደሩን ሆድ ስፋት ብቻ ነው የሚነግርህ። በሦስተኛው ክረምት ምኑ እንደሚሰበር፣ የተሰበረውን ደግሞ ማን እንደሚጠግንልህ አይነግርህም።

በመጀመሪያ ጉልበቱን እንይ። ሆሳዕና ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል። ቦክሰር 150 በወረቀት 12 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው፤ እናንተ ጋ ሲደርስ ከ10 በታች ይወርዳል። ኤችኤልኤክስ 125 በወረቀት 11 ገደማ ነው፤ እሱም ወደ 9 ይጠጋል። የቻይናዋ ከሁለቱም ትበልጣለች። በዚህ በኩል ብቻ ካየነው ጓደኞችህ ልክ ናቸው።

ኢንጂኗንም አልንቅም። አብዛኞቹ ርካሽ የቻይና ሞተሮች የያዙት የሆንዳ ሲጂ 125 ዝርያ ነው። ሆንዳ ይህን ሞተር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲያወጣ መሐንዲሶቹ አስቀድመው ታዳጊ አገሮች ሄደው የአሽከርካሪውን አያያዝ አጥንተው ነበር። ያዩት እኛም የምናውቀውን ነው። ዘይት አይቀየርም፣ ፊልትሮ አይጸዳም፣ ጭነቱ ከልክ በላይ ነው። ስለዚህ ካምሻፍቱን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ፣ ከላይ አውርደው ከታች፣ ዘይቱ አጠገብ አስቀመጡት። ቫልቮቹን የሚገፉት ረጃጅም ዘንጎች ናቸው። ፈጣን አይደለም፤ ግን ግፍ ይችላል። ቻይናዎቹ ይህንኑ ወሰዱና ወደ 150፣ ወደ 200 አሰፉት። ሲሰፋ ንዝረቱም አብሮ አደገ።

ችግሩ ያለው ከኢንጂኑ ውጪ ነው። ንዝረቱ ብሎን ያላላል፣ የታርጋ ማሰሪያ ይሰነጥቃል፣ የመብራት ሽቦ ይበላል። ኩሽኔታውና ሰንሰለቱ ርካሽ ናቸው። ሾኩ ከጥቂት ወራት ኮረኮንች በኋላ ዘይት ማልቀስ ይጀምራል። በእርግጥ ቻይና ሁሉ አንድ አይደለም። ቾንግቺንግ ከተማ ያለው ሎንሲን ለቢኤምደብልዩ ኢንጂን እስከ መሥራት ደርሷል። ነገር ግን ከየቦታው የተሰበሰበ ዕቃ ተገጣጥሞ ታንኩ ላይ አዲስ ስም የሚለጠፍበትም አለ። የዘንድሮው ስም ለከርሞ ከገበያ ይጠፋል። የኢንጂን ዕቃ «የሲጂ ስጠኝ» ብለህ ታገኛለህ። የዳሽቦርድ ገመድ፣ የፊት መብራትና የጎን ፕላስቲክ ግን ከየት ታመጣለህ?

እኔ ሰው ሞተር ሊገዛ ሲያማክረኝ መጀመሪያ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ነው የምልከው። አንተም የወረዳህ ከተማ ውስጥ ግባና «የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ሸራ፣ ሲዲአይ (ለካንዴላው እሳት የሚልከው ዕቃ) አለ?» ብለህ ጠይቅ፤ የሦስቱንም ሞተር ስም እየጠራህ። ባለሱቁ እጁን ወደ መደርደሪያ ከሰደደ ጥሩ ነው። «ነገ ከአዲስ አበባ አስመጣልሃለሁ» ካለህ ነገ ማለት ስንት ቀን እንደሆነ ታውቃለህ። ከዚያ መካኒኩ በር ላይ ቁም፤ በብዛት ቆሞ የምታየው ምን ዓይነት ሞተር ነው? ብዙ ቆሞ ማየት ብቻውን ክፉ ምልክት አይደለም። ጠዋት ገብቶ ከሰዓት የሚወጣ ከሆነ መካኒኩ እጁ ለምዶታል ማለት ነው። ሳምንት አቧራ የጠጣ ካየህ ግን ከዚያ ሽሽ።

በእኔ ግምት እናንተ አካባቢ ይህን ፈተና ቦክሰር ያልፋል፤ ኤችኤልኤክስም ብዙ አይርቅም። ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለይ ለአፍሪካ ገበያ ነው ያወጣው። በቤንዚን ቆጣቢ ነው፣ አነዳዱም ይለሰልሳል። ብቻህን የምትሄድ ብትሆን ኖሮ ያለ ክርክር እሱን ግዛ እልህ ነበር። ሳጥን ጭነህ፣ ባለቤትህን አፈናጥጠህ ዳገት ስትወጣ ግን ሁለተኛ ማርሽ ላይ ያለቅሳል። ቦክሰር 150 ትክክለኛ ልኩ 144.8 ሲሲ ነው። የፒስተኑ ምት ከስፋቱ በለጥ ስለሚል ሳይጮህ፣ ከታች ጀምሮ ይጎትታል። ለመንገድህ የሚያስፈልገው ይህ ነው። መልኩ ያረጀ ነው፣ ፍሬኑ በሁለቱም ጎማ ታምቡር ነው፣ ፍጥነት አታገኝበትም። ይሁን።

ስለዚህ መልሴ ቦክሰሩ ነው፤ ምርመራዬን ካለፈ። ካላለፈ ኤችኤልኤክሱን ያዝ። የቻይናዋን ሁለቱም ከወደቁ በኋላ አስባት።

ምርመራው እንዲህ ነው። ለሻጩ ደውለህ «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው» በለው። ስትደርስ ኢንጂኑን በእጅህ ንካ። ሞቆ ከጠበቀህ የሚደበቅ ነገር አለ። ቀዝቃዛ ከሆነ በእግርህ እየረገጥክ አስነሳ፤ በባትሪ መነሳቱ ስለ ኢንጂኑ ብዙ አይነግርህም። አሁን ማርሚታውን ተመልከት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው፤ ሳይከፈት አይድንም። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቶበት ነው፤ እሱ ቀላል ነው።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመን። ገመዱን መንቀል የደቂቃ ሥራ ነው። ይልቅ የእግር ማሳረፊያውን ጎማና የፍሬን ፔዳሉን እይ፤ እነሱ አይዋሹም። ከዚያ መሪው ከሻሲው የሚገናኝበትን አንገት በጨርቅ ጠርገህ መርምር። አዲስ ቀለም ወይም የብየዳ ጠባሳ ካየህ ተጋጭቷል፤ ተወው። የፊት ፍሬኑን ይዘህ ሞተሩን ወደፊትና ወደኋላ ግፋ። አንገቱ ጋ «ቀጭ ቀጭ» ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ይህ ይቀየራል፤ ከዋጋው ግን ይቀነስልህ። አራት ዓመት ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሞተር ከሆነ የኋላ ሾኮቹ ሥር ያለውን ብረት ደኅና አድርገህ እይ። ሁለት ለሚጭን የተሠራ ላይ ሦስት ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻሲና የኢንጂን ቁጥር ከብረቱ ጋር ራስህ አመሳክር። ደላላው ቢያነብልህም አንተ እንደገና አንብብ። ስም ሳይዛወር ሙሉ ገንዘብ አትስጥ።

የዕቁቡን ገንዘብ በሙሉም በሞተሩ ላይ አትጨርስ። ዋጋ እዚህ አልጽፍልህም፤ መጽሔቱ እጅህ እስኪገባ ይለወጣል። ለሁለት ጎማ፣ ለሰንሰለት ከነጥርሱ፣ ለዘይትና ለሁለት ሄልሜት የሚሆን ግን አስቀር። ሁለት ያልኩት ለባለቤትህም ነው።

ዘይቱ የሞተር ሳይክል ሆኖ ውፍረቱ 20 ደብልዩ 50 (20W50) ይሁን። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ጽሑፍ ፈልግ፤ ለሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ይስማማል ማለት ነው። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ አንዳንድ የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል። አቧራ ላይ ስለምትነዳ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ ብትቀይር አትከስርም። አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ አይጎዳህም።

ካንዴላው ጥላሸት የሚለብስ ከሆነ ካርቡሬተሩ ለቆላ የተስተካከለ ነው። መካኒክህ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ትንሽ የነሐስ ጄት አንድ ቁጥር ዝቅ ባለ ይቀይርልህ። «ፊልትሮውን አውጣው፣ አየር ያገኛል» የሚልህ አይጠፋም። በእናንተ አቧራ ሲሊንደሩ ዓመት አይቆይልህም፤ አትስማው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሌ ሮቤ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተሮች በጨረታ ሊሸጥ ነው። አባቴ «የድሮ ዕቃ ብረት ነው» ይላል። ልጫረት?
ሰ.

መልስ፦ አባትህ አልተሳሳቱም። ኤጂ የተሠራው ለእርሻ ሥራ ነው። ሰንሰለቱ በሙሉ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ጭቃ አያገኘውም። በሁለቱም ጎን ማቆሚያ አለው፤ ተዳፋት ላይ በፈለግከው በኩል ታቆመዋለህ። የዕቃ መጫኛውም ብረት ነው። በየገጠሩ የቢሮ ሠራተኛ ሲነዳው ያየኸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ግን ባለሁለት ምት ኢንጂን መሆኑን እወቅ። 97 ሲሲ ነው። ዘይቱን ከቤንዚን ጋር አብሮ ያቃጥላል። ለዘይቱ የተለየ ታንክና ፓምፕ አለው፤ ብዙ ቦታ ፓምፑ ተነቅሎ ዘይቱን በእጅ ቤንዚን ውስጥ ይቀላቅሉታል። የሚነዳው ሰው አንድ ቀን ሳይቀላቅል ከሄደ ኢንጂኑ ይነክሳል፤ ፒስተኑ ይጣበቃል። ስለዚህ ስታይ ፓምፑ መኖሩን ጠይቅ። ለባለሁለት ምት የሚሆን ዘይት ሮቤ ላይ በየጊዜው የምታገኝ መሆኑንም አጣራ። ጨረታ ላይ ማስነሳት አይፈቀድም ይሆናል። ቢያንስ መርገጫውን በእጅህ ተጫን። ጭራሽ የማይገፋ ከሆነ ፒስተኑ ተጣብቋል፤ በብረት ዋጋ ካልሆነ አትጫረት። ከሁለት ሰዎች ጋር ሆናችሁ ሦስት ብትገዙና አንዱን ለመለዋወጫ ብታፈርሱት ግን ጥሩ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ዕቃ በማድረስ ሥራ ልጀምር ነው። ርካሹ የቤንዚን ሞተር የትኛው ነው? የኤሌክትሪኩስ ይሻላል?
የ.፣ ከጀሞ

መልስ፦ ከሞተሩ በፊት ፈቃዱን ያዝ። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር እንደልብ አይነዳባትም። ሥራውን ከምትሠራበት ድርጅት ጋር ስለ ፈቃድ፣ ስለ ታርጋና ስለ ጂፒኤስ ጨርሰህ ነው ገንዘብ የምታወጣው። ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ ሞተር ስንቱን አይቻለሁ።

ኤሌክትሪክ ለከተማ ሥራ ደስ ይለኛል። ስስ አየር አይነካውም፤ እንጦጦ ግርጌም ቆላም ጉልበቱ ያው ነው። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ። ወጪው ባትሪው ላይ ነው። ሊድ አሲድ የሆነውን በርካሽ ያቀርቡልሃል፤ ይከብዳል፣ በየቀኑ ቻርጁን እስከ መጨረሻው ከጨረስከው ደግሞ ቶሎ ይሞታል። ቀኑን ሙሉ ለምትሠራበት ሊቲየም ፈልግ። ሻጩ የሚነግርህ ርቀት ሜዳ ላይ፣ ያለ ጭነት የተለካ ነው። ዕቃ ጭነህ ዳገት የምትወጣ ከሆነ ግማሹን ያህል አስበህ ተነሳ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከሆንክ አንድ ነገር ጨምርበት። ባትሪው ከሞተሩ ይወጣል ወይስ አይወጣም? ከወጣስ ስንት ኪሎ ነው? ማታ ማታ ደረጃ የምታወጣው አንተ ነህ፤ ከመግዛትህ በፊት አንድ ጊዜ ተሸክመኸው ሞክር።