ዋልታዎቹን ማን ያስተዳድራል? ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ አንታርክቲካ የማን ናት?

መልስ፦ አርጀንቲና፣ አውስትራሊያ፣ ቺሊ፣ ፈረንሳይ፣ ኒውዚላንድ፣ ኖርዌይና ብሪታኒያ ከፊሏ የእኛ ነው ይላሉ፤ የሦስቱ ድርሻ እንዲያውም ይደራረባል። በ1959 12 አገሮች ዋሽንግተን ላይ የፈረሙት ውል ክርክሩን አልዳኘም፣ ባለበት አቆመው እንጂ። በአንቀጽ 4 መሠረት አዲስ የይገባኛል ጥያቄ ማንሳትም ሆነ የቆየውን ማስፋት ክልክል ነው። ጣቢያ መሥራት የባለቤትነት መብት አያስገኝም።

ጥያቄ፦ አንድ አገር ውሉ የከለከለውን ወታደራዊ ሥራ በድብቅ ቢሠራ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በቁጥጥር። የመወሰን ድምፅ ካላቸው 29 አገሮች ማንኛውም ታዛቢ መሰየምና ስሙን ለሌሎቹ ማሳወቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ታዛቢው የፈለገውን ጣቢያ በፈለገው ጊዜ ገብቶ ያያል። ወታደሮች ሳይንሱን ለመደገፍ መግባት ይችላሉ፤ አስቀድሞ ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው። ክፍተቱ ያለው ለሁለት አገልግሎት በሚውሉ መሣሪያዎች ላይ ነው። ታዛቢው የሳተላይት መቀበያውን ያያል፣ በውስጡ የሚያልፈውን መረጃ ግን አያይም።

ጥያቄ፦ ውሉ በ2048 ያበቃል ሲባል እሰማለሁ።

መልስ፦ አያበቃም። ማዕድን ማውጣትን የሚከለክለው የ1991ዱ የማድሪድ ፕሮቶኮል በ1998 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ 50 ዓመት ሲሞላ ድምፅ ካላቸው አገሮች አንዱ የግምገማ ጉባኤ እንዲጠራ መጠየቅ ይችላል፤ ለውጡ ያን ያህል ቀላል አይደለም። ማዕድኑን የሚገዛ አስገዳጅ ሕግ በቦታው እስካልተተካ ድረስ ክልከላው ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሩሲያና ቻይና አገዱ የሚባለው ምኑን ነው?

መልስ፦ በዋናነት የባሕር ጥበቃውን። በደቡብ ውቅያኖስ የዓሣ ማስገርን የሚመራው ኮሚሽን 27 አባላት አሉት፤ አንዱ «አይሆንም» ካለ ውሳኔ የለም። በ2016 በሮስ ባሕር 1.55 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ለመጠበቅ ተስማምተው ነበር። የምሥራቅ አንታርክቲካ፣ የዌዴል ባሕርና የአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ዕቅዶች ግን ለዓመታት ተንጠልጥለው ቀርተዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የክሪል ጉዳይ ነው። ክሪል ሽሪምፕ የምትመስል ትንሽ እንስሳ ናት፤ ፔንግዊኑም ዓሣ ነባሪውም በእሷ ይኖራሉ። በደቡብ አትላንቲክ በኩል ለአንድ የማስገሪያ ዘመን የተፈቀደው 620,000 ቶን ነው። ይህን መጠን በአራት ንዑስ ክልሎች የሚያከፋፍለው ደንብ በ2024 ሳይታደስ ቀረና ጊዜው አለፈ። መርከቦቹም ክሪሉ በበዛበት፣ ማለትም እንስሳቱ በሚመገቡበት አካባቢ ተከማቹ። በ2025 ገደቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሟላና ማስገሩ በነሐሴ ተዘጋ። ጠቅላላው መጠን ስላልጨመረ ጉዳት የለም የሚል ክርክር አያሳምነኝም፤ ለፔንግዊን ወሳኙ በጎጆዋ አጠገብ ስንት ቶን ተነሣ የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ አርክቲክስ እንዲህ ያለ ውል አለው?

መልስ፦ የለውም። አርክቲክ በአገሮች የተከበበ ባሕር ስለሆነ የሚገዛው የባሕር ሕግ ነው። በ1996 የተቋቋመው የአርክቲክ ምክር ቤት 8 አገሮችንና 6 የነባር ሕዝቦች ድርጅቶችን ያገናኛል፤ ወታደራዊ ጉዳይ አይነካም። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ፣ በመጋቢት 2022፣ ሌሎቹ ሰባት አገሮች በምክር ቤቱ ሥራቸውን አቋረጡ። የሥራ ቡድኖቹ በ2024 በበይነ መረብ መሰብሰብ ጀመሩ። የአርክቲክ የባሕር ዳርቻ ግማሽ ያህሉ የሩሲያ በመሆኑ፣ ከዚያ የሚመጣ ልኬት ሲቋረጥ የበረዷማው አፈር መቅለጥ ስሌት ይጎድላል።

ጥያቄ፦ ከሩሲያ ጋር ዛሬም የሚሠራ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፣ ዓሣው። ኖርዌይና ሩሲያ የባሬንትስ ባሕርን ኮድ ዓሣ ኮታ አሁንም በየዓመቱ ይደራደራሉ፤ የ2025ቱ 340,000 ቶን ነበር። ዓሣው ድንበር አያውቅምና አንዱ ቢያራቁት ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ በአንታርክቲካው ውል መግባት ትችላለች?

መልስ፦ ትችላለች፤ የተባበሩት መንግሥታት አባል የሆነ ማንኛውም አገር የመቀላቀያ ሰነዱን ለአሜሪካ መንግሥት ካስረከበ ይበቃዋል። የመወሰን ድምፅ ማግኘት ግን ሌላ ነው። ጣቢያ በመሥራት ወይም የምርምር ጉዞ በመላክ ጉልህ ሳይንሳዊ ሥራ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ከአፍሪካ እዚያ የደረሰችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ከዚያም ድምፅ ያላቸው ሁሉ መስማማት አለባቸው። የካናዳ ጥያቄ በ2024ቱ የኮቺ (ሕንድ) ስብሰባ ያልጸደቀው በዚሁ ምክንያት ነው።