«ኤክስትራቫጋንዛ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምሠራው ዝግጅት አሰናጆች ዘንድ ነው፤ ማስታወቂያ እጽፋለሁ። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሙዚቃ፣ የፋሽን ትርኢት፣ ርችትና እራት ያለበት ምሽት እያሰናዳን ነው። አለቃዬ ባነሩ ላይ «ኤክስትራቫጋንዛ» (ፈረንጆቹ ትልቅና የተንቆጠቆጠ ዝግጅት የሚሉበት ቃል) ካልተጻፈ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። እኔ ደግሞ እናቴ አንብባ የማትረዳውን ቃል መስቀል አልወድም። ድግስ፣ ፌሽታ፣ ትርኢት፣ ፈንጠዝያ አንድ ናቸው እንዴ?

መልስ፦ አንድ ቢሆኑማ አለቃህ መቼ ይቸገር ነበር! አማርኛ እነዚህን የሚለየው እንግዳው በምኑ እንደሚካፈል እያየ ነው። በዓይኑ ከሆነ ትርኢት፣ በአፉ ከሆነ ድግስ፣ በእግሩ ከሆነ ፌሽታ።

ትርኢት የመጣው «ርእየ»፣ አየ ማለት ነው፣ ከሚለው ግዕዝ ነው። የሰርከስ ትርኢት፣ የአየር ትርኢት እንላለን፤ ተመልካቹ ባዶ ሆዱን ቢመለስ ማንም አይታማም። ትዕይንት ቅርብ ዘመዱ ይመስላል፣ ግን ቴአትርና አደባባይ ለምዷል፤ ለባነርህ ይከብዳል።

ድግስ ላይ ትንሽ ልቆይ። የድግስ ዋናው ነገር መሰናዶው ነው። ጠላው ሲጠመቅ፣ ጎረቤት ቢላዋዋን ይዛ መጥታ ሽንኩርት እየከተፈች ስታለቅስ፣ እንግዳ ገና ሳይጠራ ድግሱ ተጀምሯል። «ደግሞ ምን ደግሶልኝ ይሆን?» ብለን የምንሰጋውም ለዚህ ነው። ሲያምርበት «ድል ያለ ድግስ» ይባላል፤ ድል ያለ ሰርግም ያስኬዳል፣ «ድል ያለ ትርኢት» ግን ጆሮ ይቆረቁራል። ደግሞ ቃሉ ከማጀት ወጥቶ መድረክ ላይ ወጥቷል፦ ኮንሰርቱን «የሙዚቃ ድግስ» ብለነዋል፣ እንጀራ የለ፣ ቢራውም በገዛ ገንዘብህ።

ድሮ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግብር ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ትልቁ አዳራሽ መኳንንቱ ቀድመው፣ ወታደሩ ተከትሎ በየማዕረጉ እየገባ ብርንዶውን በጠጅ ያወራርድ ነበር። እዚያ ላይ የሚታየው የጋባዡ ጉልበት ነው። ዛሬ ግን «ግብር» ብለህ ብትለጥፍ ሰው የዓመቱን ሂሳብ ሊዘጋ ይመጣብሃል።

ፌሽታ የጣልያኑ «ፌስታ» ነው፤ ቀለል ያለ፣ ጭፈራ ጭፈራ የሚል። ፈንጠዝያም የ«ፋንታዚያ» ዘመድ ነው፣ ግን ልቅነት ይሸታል፤ ሰው ሲፈነጥዝ «ምን አግኝቶ ነው?» የሚል ሐሜት አይጠፋም። ቸበርቻቻንማ እንዳትነካት። እሷ የወቃሽ ቃል ናት፣ ገንዘብ በከንቱ ሲረጭ ያየ ሰው የሚወረውራት። አንድ ነገር ልለምንህ፦ «ደማቅ»ንም ተዋት፣ ዜና አንባቢዎች ስብሰባ ሳይቀር እያደመቁ ቀለሟን ጨርሰዋታል።

ያንተ ምሽት እራት ስላለው ያለምንም ማመንታት ድግስ ነው። «ድል ያለ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ድግስ» በል፣ ከሥሩ በአነስተኛ ፊደል ሙዚቃውን፣ የፋሽን ትርኢቱንና ርችቱን ደርድር። አለቃህ አሁንም አሻፈረኝ ካለ፣ ኤክስትራቫጋንዛ 9 ፊደል ነው፣ ድግስ 3፤ ባነር ደግሞ የሚታተመው በካሬ ሜትር ነውና ሂሳቡን አስላለት።