ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳና ዲያኒ በትንሽ ገንዘብ፦ ዓርብ ወጥቶ እሁድ ለመመለስ

ናይሮቢ የምትኖሩም ሆናችሁ ከአዲስ አበባ ለጥቂት ቀን ብቅ የምትሉ ስለ ኬንያ ጠረፍ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ። ጠረፍ የምለው እስከ 2013 ድረስ ኮስት ፕሮቪንስ ይባል የነበረውን ነው፤ አሁን በስድስት ካውንቲዎች ተከፋፍሏል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ያን ሁሉ አገር በሁለት ቀን ማዳረስ ስለማይቻል ወሬዬ በአብዛኛው ስለ ሞምባሳ ከተማና ከእሷ በስተደቡብ ስላለው ዲያኒ ስለሚባለው የባሕር ዳርቻ ነው።

ጥያቄ፦ ቀጥታ ወደ ገንዘቡ እንግባ። ከናይሮቢ ዓርብ ወጥቼ እሁድ ብመለስ ስንት ይበቃኛል?

12 ሺህ ሽልንግ ይዘህ ውጣ። አንድ ዶላር 129 ሽልንግ አካባቢ ስለሆነ ከ100 ዶላር በታች ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 3,000ው የባቡር ደርሶ መልስ ነው። ኢኮኖሚ ክፍል ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ለአንድ ጉዞ 1,500 ሆኗል። አንደኛ ማዕረግ 4,500 ነው፣ እሱን እርሳው። የቀረው ዘጠኝ ሺህ ለሁለት ሌሊት አልጋ፣ ለምግብና ለትራንስፖርት ሳትሳቀቅ ያደርስሃል። ክፍሉን ከጓደኛ ጋር ከተካፈልክ ይተርፍሃል።

ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው በምግብ ወይም በማታቱ (በሚኒባስ ታክሲ) አይደለም። አልጋ ላይ ነው። ባሕሩን በመስኮት ማየት ያምረውና የሦስት ቀን በጀቱን በአንድ ሌሊት ይከፍላል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ አሸዋው ላይ ይውላል፣ ክፍሉ ባዶውን ይውላል ማለት ይቀላል። አሸዋው ደግሞ የሁሉም ነው። በኬንያ የባሕሩ ዳርቻ የሕዝብ ነው። ሆቴል በግቢዬ አታልፍም ሊልህ ይችላል፣ ዳርቻው ላይ አትቀመጥ ሊልህ ግን አይችልም።

ጥያቄ፦ ባቡር ወይስ አውቶቡስ? አውቶቡሱ ይረክሳል ይባላል።

አንዳንዴ ይረክሳል፣ በጣም ግን አይደለም። አውቶቡስ ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዝ ያድርና ጠዋት ወገብህን ይዘህ ትወርዳለህ። ቅዳሜህ በእንቅልፍ ያልቃል። በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡር አምስት ሰዓት ከምናምን ነው የሚፈጀው። ኢኮኖሚው ወንበር ፊት ለፊት የሚተያይ ነው፣ በአንድ በኩል ሦስት፣ በሌላው ሁለት። ጉልበትህ ከማታውቀው ሰው ጉልበት ጋር ይተዋወቃል። በቀን ከሄድክ በጻቮ ፓርክ መሐል ስለሚያልፍ ከቀይ አፈር ጋር የተመሳሰሉ ዝሆኖች የማየት ዕድል አለህ፣ ያውም በነፃ።

ትኬቱን ቀድመህ ቁረጥ። በስልክ *639# ወይም በኢንተርኔት ይቆረጣል፣ ክፍያው በኤም-ፔሳ ነው። የፓስፖርትህን ቁጥር በትክክል አስገባ፣ ሲያስገቡህ ያመሳክራሉ። የዓርብና የእሁድ ወንበር ቶሎ ያልቃል። ሌላው የሚረሳው ነገር የናይሮቢው ጣቢያ መሐል ከተማ አለመሆኑ ነው። ሲዮኪማው ነው ያለው። ዓርብ ከሰዓት የሞምባሳ መንገድ ትራፊክ ምን እንደሚመስል ለናይሮቢ ሰው አልነግርም። ከከተማው አሮጌ ጣቢያ የሚነሳ አገናኝ ባቡር አለ፣ እሱን ተጠቀም። ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሻንጣ መሬት ላይ ተደርድሮ በውሻ ይፈተሻል፣ ስለዚህ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ድረስ። ቢላዋና መጠጥ አትያዝ።

ጥያቄ፦ የትኛውን ባቡር? ሰዓቱም ግራ ያጋባል፣ አንዱ 15 ይላል አንዱ 9 ይላል።

በዚህ እኛ ዕድለኞች ነን። ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ነው፣ ከንጋት ጀምሮ። ትኬቱ ላይ 15:00 ያለው በእኛም በእነሱም አፍ 9 ሰዓት ነው። ፈረንጁ ሲደናገር አንተ ትስቃለህ። ብቻ ከሆቴል ጋር በእንግሊዝኛ ስትነጋገር በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቅ።

ምርጫዬ የዓርብ የ9 ሰዓቱ ነው። ምሽት ላይ ሞምባሳ ያደርስሃል። የማታ 4 ሰዓቱ ሥራ ለማያስቀር ጥሩ ይመስላል፣ ግን ገና ሳይነጋ ሚሪቲኒ ይጥልሃል። ሚሪቲኒ ደግሞ ከከተማው ራቅ ያለ ጣቢያ ነው። በዚያ ሰዓት የታክሲ ዋጋ የሚቆርጠው ሌላው ነው፣ አንተ አይደለህም። ለመመለሻ ግን የእሁድ ማታው ግሩም ነው፣ ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ ትውላለህ። ሰኞ ቢሮ ዓይንህ መቅላቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ እኛ አዲስ አበባ ያለነውስ? ቪዛ ያስፈልጋል?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለኬንያ ቪዛ አይጠየቅም። ኬንያ ከ2024 ጀምሮ ያመጣችው የኦንላይን የጉዞ ፈቃድ አሠራር ስለሚለዋወጥ ግን ከመብረራችሁ በፊት አየር መንገዱን ጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሞምባሳ በቀጥታ ይበራል፣ ትኬቱ ግን ይህን ሁሉ በጀት ያፈርሰዋል። ለሁለት ቀን ብቻ ከአዲስ መምጣት አያዋጣም። ናይሮቢ ጉዳይ ኖሯችሁ ቅዳሜና እሁዱን ብትጨምሩበት ነው የሚያምረው። በሞያሌ በመኪና ስላሉት ደግሞ፣ መንገዱ ጥሩ ነው፣ የሳምንት እረፍት ላለው ሰው።

ጥያቄ፦ ወንድም፣ የሊኮኒ ፌሪ (መኪናና ሰው የሚያሻግረው ጀልባ) አስፈሪ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ዲያኒ ለመድረስ ግዴታ ነው?

ሞምባሳ ከተማዋ ደሴት ናት። ወደ ደቡብ ለመሄድ ውሃውን መሻገር አለ። መኪና ያለው በዶንጎ ኩንዱ መንገድ ዞሮ ፌሪውን መዝለል ይችላል። ለእኛ ግን ፌሪው ነው፣ ለእግረኛ ደግሞ ነፃ ነው።

የሚያስፈራው ሕዝቡ ነው። በር እስኪከፈት መጠለያው ውስጥ ትቆማለህ። ብስክሌት የሚገፋ፣ ዶሮ የያዘ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ፣ ሁሉም እዚያ ነው። በሩ ሲከፈት ያ ሁሉ ሰው ቁልቁል ወደ ውሃው ይፈስሳል፣ አንተም ሳትወድ ትፈስሳለህ። ፌሪው ላይ መኪናው ታች ነው፣ ዳርና ዳሩን ሰው ይሞላዋል፣ የናፍጣና የጨው ሽታ ይመጣል፣ ተሻግረህ ሳትጨርስ ሰው ለመውረድ መገፋፋት ይጀምራል። መሻገሩ ራሱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ቦርሳህን በደረትህ በኩል አድርግ፣ ስልክህን ኪስህ ውስጥ ተው። ወደ ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አትሂድ።

ማዶ ስትደርስ «ኡኩንዳ» እያሉ የሚጣሩ ማታቱዎች አሉ። ከመሳፈርህ በፊት ሂሳቡን አጠገብህ ያለውን ተሳፋሪ ጠይቅ፣ ረዳቱን አይደለም። ኡኩንዳ ወርደህ በቱክቱክ፣ ማለትም በእኛው ባጃጅ፣ ዲያኒ ባሕሩ ጋ ትደርሳለህ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ አልጋው የት ይሁን? ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምሄደው።

ኡኩንዳና ዲያኒ መሐል ያሉትን ገስት ሃውሶች እይ። ዲያኒ ውስጥ ከባሕሩ ትይዩ የሚሄድ አንድ ዋና መንገድ አለ። ከመንገዱ ባሕሩ በኩል ያለው ውድ ነው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ደግሞ በግማሽም ከግማሽ በታችም ይገኛል። ልዩነቱ የእግር መንገድ ነው። ብቻሽን ስለሆንሽ ግን ጥቂት መቶ ሽልንግ ጨምረሽም ቢሆን ከዋናው መንገድ ያልራቀ፣ ዘበኛ ያለው ያዢ። ከመሸ አሸዋው ላይ አትራመጂ፣ ማንም ቢያጅብሽ። ማታ ቅርብም ቢሆን በቱክቱክ ግቢ።

መስኮትሽን ዝጊ። ዲያኒ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ጉሬዛዎች አሉ፣ መንገድ እንዲሻገሩ ገመድ ድልድይ ተዘርግቶላቸዋል። እነሱ ቅጠል በሊታዎች ናቸው፣ ሰው አይነኩም። ሌባዎቹ ጦጣና ዝንጀሮ ናቸው። ሙዝ ጠረጴዛ ላይ ትተሽ ከወጣሽ አይቆይሽም።

አጎበር መኖሩን ሳታዪ አትክፈዪ። ናይሮቢ ስለለመድነው ይረሳናል እንጂ ጠረፉ የወባ አገር ነው። የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ከመሄድሽ በፊት ሐኪም ጠይቂ።

ጥያቄ፦ አንዴ ሄጄ ባሕሩ አልነበረም። ቀልድ አይደለም፣ አሸዋና ድንጋይ ብቻ። ምንድነው ነገሩ?

ባሕሩ ጎድሎ ነው ያገኘኸው። ይህን ማንም ቀድሞ አይነግርም፣ ጉዞውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ግን እሱ ነው። ውቅያኖሱ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፣ በመሐሉ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። በየቀኑም ወደ ሃምሳ ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም ስትጠፋ ልዩነቱ ይበረታል፣ እዚያ ጠረፍ እስከ አራት ሜትር ይደርሳል። በእነዚያ ቀኖች ረፋዱ ላይ ውሃው ርቆ እስከ ኮራሉ ድንጋይ ድረስ ይሸሻል፣ አመሻሽ ላይ ይመለሳል።

ስለዚህ ቀን ከመምረጥህ በፊት ስልክህ ላይ የሞምባሳን ወይም የወደቧን የኪሊንዲኒን የባሕር ሙላት ሰንጠረዥ ፈልግ። ለመዋኘት ሲሞላ ነው። ሲጎድል ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለው፣ በየድንጋዩ ሥር በቀረው ውሃ ውስጥ ትንንሽ ዓሣዎች ይንቀሳቀሳሉ፣ ኮከብ የሚመስሉ ፍጥረቶች ታያለህ። ጫማ ግን ግዴታ ነው። እንደ ጃርት እሾህ ያወጣ ጥቁር ነገር አለ፣ ከረገጥከው ቅዳሜና እሁድህ እዚያው ያልቃል። ውሃው መመለስ ሲጀምር ደግሞ አንተም ተመለስ፣ ኋላህን ሞልቶ እንዳይጠብቅህ።

ጥያቄ፦ መዋኘት የማይችልስ?

እስከ ወገብ። ሲሞላ ብቻ፣ ሰው ባለበት።

ጥያቄ፦ ዓርብ ነው የምንወጣው፣ ጾመኛ ነን። ምን ይበላል?

ጠረፉ ላይ ጾመኛ አይቸገርም። ምባዚ የሚሉት ጥራጥሬ በኮኮናት ወተት ይሠራል፣ ከመሃምሪ ጋር ጠዋት ጠዋት ይበላል። መሃምሪ ሄል የገባበት የቦምቦሊኖ ዘመድ ነው፤ አንዳንዱ ላም ወተት ስለሚጨምር ጠይቁ። ባቄላም በኮኮናት አለ፣ ቻፓቲ አለ፣ በሊጥ ተለውሶ የተጠበሰ ድንች አለ። ቻፓቲውን በምን እንደጋገሩት መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው። ሥጋ ለሚበላው ፒላውና ቢሪያኒ የሚባሉት የሩዝ ምግቦች በሞምባሳ ድሮው ከተማ ውስጥ ነው ምርጡ። የዚያ ሰፈር አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ስለሆነ ሥጋው ሐላል ነው። በረመዳን ቀን ቀን ብዙ ቤቶች ይዘጋሉ።

አመሻሽ ላይ ማማ ንጊና የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ሂዱ። ካሳቫ ስስ ተደርጎ እፊታችሁ ይጠበሳል፣ በርበሬና ሎሚ ይደረግበታል፣ በወረቀት ይሰጣችኋል። መርከቦች ሲያልፉ እያዩ ያንን መብላት ከየትኛውም ውድ ምግብ ቤት ይሻላል፣ ይህ የእኔ ፍርድ ነው።

ጥያቄ፦ ፎርት ጂሰስ ገንዘቡ ይገባዋል?

ታሪክ ለሚወድ፣ አዎ። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 ሞምባሳ ላይ የሠሩት ምሽግ ነው፣ ኦማኖች በ1698 ከረጅም ከበባ በኋላ ወሰዱት። ዩኔስኮ በ2011 መዝግቦታል። እኛም ከፖርቱጋሎች ጋር ትውውቅ አለን፤ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክርስቶፎር ዳ ጋማ ወታደሮቹን ይዞ በምፅዋ በኩል ወደ እኛ የገባው በ1541 ነው፣ ምሽጉ ገና ሳይታሰብ።

መግቢያው ለዜጋ፣ ለነዋሪና ለውጭ ሰው የተለያየ ነው። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች ፓስፖርት ብቻ ከያዝክ እንደ ውጭ ሰው ነው የምትከፍለው። የኬንያ መኖሪያ ካርድ ካለህ ይዘህ ሂድ። ገንዘቡ ከከበደህ ምሽጉን ከውጭ አይተህ ድሮው ከተማ ውስጥ ተንሸራሸር፤ የተቀረጹት በሮችና ሰገነቶች በነፃ ናቸው። ቁምጣና ጡት መያዣ ብቻ ለብሶ ግን እዚያ ሰፈር አይገባም።

ጥያቄ፦ ዳርቻው ላይ ያሉት ሻጮች አላስቀመጡኝም።

«ሃፓና፣ አሳንቴ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) በል፣ ፈገግ ብለህ፣ መራመድህን ሳታቆም። ዋጋ ከጠየቅክ ግን ድርድር ጀምረሃል፣ ከዚያ መፋታት የለም። የጀልባ ጉዞ ከፈለግክ ዋጋውን፣ የሚወስደውን ሰዓትና የሕይወት ማዳኛ ጃኬት መኖሩን ቀድመህ ጨርስ፣ ሙሉውንም ክፍያ ሳትመለስ አትስጥ።

ጥያቄ፦ ምን ይዤ ልሂድ?

ከሁሉ በፊት ምን አትያዝ ልበልህ፦ ፌስታል። ኬንያ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ከልክላለች፣ ቅጣቱም የዋዛ አይደለም። እርጥብ ልብስ የምታስገባበት የጨርቅ ቦርሳ ያዝ። ስስ ጥጥ ልብስ፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ ክሬም። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚሉህን አትስማ። የኬንያ ሲም ከሌለህ በፓስፖርትህ አውጣና ኤም-ፔሳ ክፈት፣ ቱክቱኩም ኮኮናት ሻጩም በዚያ ይቀበላል።

ጥያቄ፦ የትኛው ወር ይረክሳል?

ሚያዝያና ግንቦት፣ ምክንያቱም ዝናቡ ያን ጊዜ ነው። ዝናብ የማይጠላ ሰው ክፍል በርካሽ ያገኛል። ገና፣ ፋሲካና ነሐሴ ላይ ሁሉም ነገር ይወደዳል፣ ባቡሩም ይሞላል። የእኔ ምርጫ የካቲት ነው፣ ይሞቃል፣ ባሕሩ ግን ጸጥ ይላል።

ጥያቄ፦ ማሊንዲንና ዋታሙን ብንጨምርስ?

በሁለት ቀን ውስጥ? አይሆንም። ማሊንዲ ከሞምባሳ በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዲያኒ ደግሞ በደቡብ። ሰሜኑን ከመረጣችሁ ዲያኒን ሙሉ በሙሉ ተዉትና ኪሊፊ እደሩ፣ መንገድ ላይ ናት፣ ፌሪም የለባትም።