«ማታ» ነው ወይስ «ዞሮ ዞሮ»?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ሐዋሳ ነው፣ አለቃዬ የውጭ ሰው ናቸው። ባለፈው ሰኞ ስብሰባ ላይ ወደ እኔ ዞረው «አት ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ዴይ፣ ዚስ ሪፖርት ኢዝ ዮርስ» አሉኝ። ዛሬ ማታ የሚፈልጉት መስሎኝ ምሳ እንኳ ሳልበላ ስጽፍ ዋልኩ። 11 ሰዓት ላይ ስሰጣቸው «ለዓርብ አልነበር እንዴ?» ብለው ሳቁ። ምን ማለታቸው ነበር?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። አለቃሽ ያሉሽ «ዞሮ ዞሮ የሪፖርቱ ባለቤት አንቺ ነሽ» ነው። ሌላ ሰው ቢያግዝሽም ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ ለማለት። ሐረጉ ቃል በቃል «በቀኑ መጨረሻ» ቢሆንም እዚህ ላይ ማታም ሰዓትም የለበትም።

እኔ የባሰ ሠርቻለሁ። በወጣትነቴ ለአንድ ፕሮጀክት አስተርጓሚ ሆኜ ገጠር ወርጄ ነበር። ፈረንጁ ዋርካ ሥር ለተሰበሰቡት ገበሬዎች የውኃ ጉድጓዱ የት ይቆፈር የሚለውን «አት ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ዴይ» የምትወስኑት እናንተ ናችሁ አላቸው። እኔ ሆዬ «ማታ ትወስናላችሁ» ብዬ ቁጭ! አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ልጄ፣ ማታማ ከብት እናስገባለን። አሁን ብንወስን ምናለ?» አሉ። እዚያው ወሰኑ። ፈረንጁ በፍጥነታቸው ተደንቆ አጨበጨበ። እኔም ዝም አልኩ።

«ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» እንል የለ? የእንግሊዝኛውም መንፈስ ይኸው ነው። ብዙ ተብሎ ተብሎ ሲያበቃ ሚዛን የሚደፋውን ሐሳብ ያመጣል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ የምታገኚው። «አይ ዋዝ ታየርድ አት ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ዴይ» ያለሽ ሰው ግን እውነትም ሲመሽ ደክሞት ነበር። «ኢን ዚ ኤንድ» ደግሞ ሌላ ነው፤ ነገሩ በመጨረሻ እንዴት እንደተቋጨ ይነግርሻል።

መጠንቀቅ ያለብሽ ፊቱ ላይ «ባይ» ሲገባ ነው። «ባይ ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ዴይ» ከተባልሽ፣ ወይም ኢሜይል ላይ «ኢኦዲ» የምትል አጭር ነገር ካየሽ፣ ዛሬውኑ ሥራ ሳይዘጋ ማለት ነው። ያኔ ምሳውም ይቅርብሽ።

አንዳንዱ ሰው ይህንኑ ሐረግ «በቀኑ መጨረሻ» እያለ አማርኛ ውስጥ ሲዶለው ጆሮዬን ያሳክከኛል። «ዞሮ ዞሮ» እያለልን! የእንግሊዝኛው ባለቤቶችም ቢሆኑ ሐረጉ ሰልችቷቸዋል። ቀላል እንግሊዝኛ ይጻፍ ብሎ የሚሟገተው የብሪታንያው ፕሌን ኢንግሊሽ ካምፔይን በ2004 እ.ኤ.አ. ደጋፊዎቹን «የሚያናድዳችሁ አባባል የትኛው ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አንደኛ የወጣው ይኸው ነበር። ስለዚህ አለቃሽ ሲሉት ተረጂላቸው፤ ሪፖርትሽ ውስጥ ግን አታስገቢው።