መድኃኒት የተላመደ ስታፍና ፕሮባዮቲክ፦ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ አባትሽ የቀዶ ሕክምና ቁስሉ ላይ መድኃኒት የተላመደ ስታፍ፣ ማለትም ብዙ አንቲባዮቲክ የማይገድለው ባክቴሪያ ተገኝቶበት «አንቲባዮቲኩን ትተን ፕሮባዮቲክ ብንሰጠውስ?» ብለሻል። ሳነበው ሆዴ ባባ። እናቴን ሳስታምም እኔም ይህንኑ አስቤ ነበር።

እባክሽ አንቲባዮቲኩን አታቋርጡ። ፕሮባዮቲክ ለጤና ይጠቅማል ተብሎ የሚወሰድ ሕያው ባክቴሪያ ወይም እርሾ ነው፤ ቁስል ወይም ደም ውስጥ የገባ ስታፍን አያድንም።

የፕሮባዮቲክ ዋና ሜዳው አንጀት ነው። እዚያ ባክቴሪያዎች በቦታና በምግብ ይሻማሉ። አንቲባዮቲክ ጎጂውንም ጠቃሚውንም ሲጠርግ ቦታው ይለቀቃል። ያኔ መድኃኒት የተላመደው ሰተት ብሎ ይገባል።

ተስፋ የሰጠኝ የታይላንዱ ጥናት ነው። ውጤቱ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ተመራማሪዎቹ 200 የገጠር ነዋሪዎችን ሲመረምሩ፣ አንጀታቸው ውስጥ ባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ ካለባቸው ሰዎች ላይ ስታፍ ጭራሽ አላገኙም። ባሲለስ ፌንጋይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመርታል። ስታፎች እርስ በርስ የሚግባቡበትን ምልክት ያፍንባቸዋል። ካልተግባቡ ደግሞ አንጀት ውስጥ መደላደል አይችሉም። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ሙከራ፣ ባሲለስ ሰብቲሊስን ለ30 ቀን የወሰዱ ሰዎች ሰገራ ውስጥ የስታፍ መጠን ከ95 በመቶ በላይ ቀነሰ። ግን ልብ በይ፣ ሰዎቹ ስታፍ ተሸካሚዎች እንጂ ሕመምተኞች አልነበሩም።

አሁን የእኔን ልንገርሽ። እናቴ አንገቷ ላይ ትልቁ ደም ሥር ድረስ የሚገባ ቱቦ ነበራት። አልጋዋ አጠገብ ቆሜ የፕሮባዮቲክ እንክብል ከፈትኩ። ዱቄቱን በውሃ ልበጠብጥላት ስል ነርሷ እጄን ያዘችኝ። ሳካሮማይሰስ ቡላርዲ የሚባል እርሾ ነበር። እንክብሉ ሲከፈት ዱቄቱ ይበናል፣ እጅ ላይ ይቀራል፣ በቱቦው አድርጎ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል አለችኝ። ጣቶቼን አየሁ፤ ነጭ ዱቄት ይዘዋል። በዚያው እጄ የቱቦዋን ፕላስተር ላስተካክል ነበር! አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል።

ስለዚህ ማንኛውንም ፕሮባዮቲክ ከመስጠትሽ በፊት እሽጉን ለሐኪሙ አሳዪው። የባክቴሪያው ዓይነት ለውጥ አለው፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ላይሠራ ይችላል። አባትሽ ስኳር ወይም ሌላ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክም በሽታ ካለበትም ንገሪው። በመሃል ተቅማጥ ከጀመረው ሳትውሉ ሳታድሩ አሳውቁ፤ ከአንቲባዮቲክ በኋላ የሚመጣ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ክፉ ጀርም አለ።

ለመሆኑ አሁን የደም ሥር ቱቦ አለው? እሱን ጻፊልኝ።